የአሮጌ መጽሐፍ ሥዕሎችን ቆርጬ ፍሬም ላስገባቸው? ስለ አሜሪካ መልክአ ምድር መጻሕፍት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጥ አራት መጻሕፍት በ15 ዶላር ገዛሁ። ሁለቱ ጀርባቸው ቆዳ የሆነ፣ በጣም ከባድ፣ በ1872 እና በ1874 የታተሙ «ፒክቸረስክ አሜሪካ» የሚባሉ ቅጾች ናቸው፤ በተራራና በፏፏቴ ሥዕል የተሞሉ። ሦስተኛው የአንሰል አዳምስ የዮሰሚቲ ፎቶግራፎች ነው። አራተኛው ቀጭን ነው፤ «ዘ ኒው ዌስት» ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን የተደረደረ ቤትና አስፋልት ነው። አንድ ፍሬም ሠሪ የአሮጌዎቹን ሥዕሎች ቆርጬ ፍሬም ባስገባቸው እንደሚያምሩ፣ ብሸጣቸውም እንደሚያዋጡ ነገረኝ። ልቁረጣቸው? ከአራቱስ የትኛውን አስቀድሜ ላንብብ? ደግሞ አንድ ነገር ገርሞኛል፤ ይህን የሚያህል አገር ሲሣልና ፎቶ ሲነሣ ሰው ለምን የለበትም? በአንደኛው ቅጽ ውስጥ የደረቀ ቅጠል አግኝቻለሁ፤ እሱንስ ልጣለው?

ምላሽ፦

አይቁረጡ። ፍሬም ሠሪው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ያምራሉ ማለቱም እውነት ነው። እኔ ግን የሥዕልና የፎቶግራፍ መጻሕፍትን ስጠግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አንዴ የተቆረጠ ገጽ ተመልሶ መጽሐፍ ሲሆን አላየሁም። ጥያቄዎ አራት ይምሰል እንጂ ሥሩ አንድ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እንደ እርስዎ ያለ አንድ ቅጽ ለጥገና መጣልኝ። አሥራ አንድ ቅጠል በምላጭ ተወስዶበታል። የቆራጩ እጅ ከብዶ ኖሮ ምላጩ ከሥር ያለውን ገጽም አግኝቶት፣ አንድ ወንዝ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ያዝኩት። የተወሰደው ግን የት ይገኛል? አንዱ ገጽ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ግማሽ ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ስለ ሌላ ግዛት ማውራት ይጀምራል። ባለቤቱ መጽሐፉን የወረሰው ከእናቱ ነበር። ማን እንደቆረጠው እንኳ አያውቅም።

አሁን የእርስዎን ሁለት ቅጾች ጠረጴዛ ላይ ያውጡና ማጉያ መነጽር ይያዙ። ውስጣቸው ሁለት ዓይነት ሥዕል ነው ያለው። አንደኛው ለብቻው ቅጠል ላይ የታተመ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ፣ ብዙ ጊዜም ከፊቱ ስስ ወረቀት የተደረገለት ነው። ይህ በብረት ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ነው፤ መስመሩ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ሰማዩ በጭረት ብቻ ግራጫ ይሆናል። በሁለቱ ቅጾች በድምሩ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ አሉ። ሁለተኛው ዓይነት በጠንካራ እንጨት ላይ ተቀርጾ ከጽሑፉ ጋር አንድ ላይ የታተመው ነው። እሱ ከ900 በላይ ነው። መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ይኸኛው ነው። ገደሉ ፊደላቱን ወደ ጎን ገፍቶ ሲወርድ፣ ፏፏቴው በሁለት አንቀጽ መካከል ሲፈስ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ርእሱ ላይ ሲዘረጋ ያያሉ። ያን ሥዕል ሲቆርጡ ጽሑፉንም፣ ከጀርባው ያለውን ሌላ ሥዕልም አብረው ቆረጡት ማለት ነው።

ይህ መጽሐፍ እንዴት እንደተሸጠ ቢያውቁ ይበልጥ ይወዱታል። አሳታሚው የኒው ዮርኩ አፕልተን ኩባንያ አንድ ጊዜ ጠርዞ አላወጣውም። በ48 ክፍል ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል በ50 ሳንቲም ለተመዘገበ ደንበኛ ሸጠው። ደንበኛው ክፍሎቹን አጠራቅሞ እንደ አቅሙ በጨርቅም በቆዳም ያስጠርዛቸዋል። ጊዜውን ያስቡት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ያበቃው በ1865 ነው፤ ሰሜንና ደቡብ ገና ቁስላቸው አልሻረም። መጽሐፉ ታዲያ የሰሜኑንም የደቡቡንም፣ የምዕራቡንም ወንዝና ተራራ አንድ ማዕድ ላይ አቅርቦ «ይህ ሁሉ የእናንተ ነው» ይላቸዋል። እያንዳንዱ ሥዕል ቆንጆ ስለሆነ ብቻ እዚያ አልገባም። ፍሎሪዳ ከሜይን፣ ካሊፎርኒያ ከቨርጂኒያ ጋር በአንድ ጥራዝ መቀመጣቸው ራሱ ንግግር ነው። ለየብቻ ተሰቅለው ግን ዝም ይላሉ።

የመጽሐፉ አርታኢ ዊልያም ከለን ብራያንት ባለቅኔና ጋዜጠኛ ነበር፤ ወዳጁ ደግሞ ሠዓሊው ቶማስ ኮል። ኮል በ1801 እንግሊዝ አገር ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። የሃድሰንን ወንዝ ይዞ ወደ ካትስኪል ተራሮች ወጥቶ የሣላቸው ሥዕሎች፣ በኋላ «የሃድሰን ወንዝ ሠዓሊዎች» ለተባሉት ሁሉ በር ከፈቱ። በ1848 ሲሞት የሐዘን ንግግሩን ያደረገው ብራያንት ነው። በዓመቱ አሸር ዱራንድ የተባለ ሠዓሊ ሁለቱን ወዳጆች ካትስኪል ገደል ላይ፣ ከቋጥኝ ጫፍ ቆመው ሲነጋገሩ ሣላቸው። ሥዕሉ ዛሬ አርካንሶ ውስጥ ክሪስታል ብሪጅስ ሙዚየም ነው ያለው። ያን ሥዕል ያየ ሰው እርስዎ የያዙትን መጽሐፍ መልሶ ሲገልጥ፣ ገጾቹ የዚያ ወግ ተከታይ ሆነው ይታዩታል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ ለእኔ ትልቁ ወደሆነው፣ ልለፍ፤ ሰው ለምን የለም?

መጀመሪያ፣ አሮጌዎቹን ቅጾች በማጉያው ደግመው ይዩ። ሰው አለ። ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው፣ ገደል ጫፍ ላይ ኮፍያውን ይዞ የቆመ ጎብኚ፤ የሩዝ ፍሬ ያህል ናቸው። የተቀመጡት ተራራው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንዲለኩልዎ ነው። መጠየቅ ያለበት ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ነው።

ዮሰሚቲን፣ የካሊፎርኒያውን ሸለቆ፣ እንውሰድ። ካርልተን ዋትኪንስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ፎቶግራፈር በ1861 በበቅሎ ጭኖ ሸለቆው ገባ። ካሜራው 46 በ56 ሴንቲሜትር የሚሆን መስታወት ይጎርሳል። መስታወቱ ድንኳን ውስጥ፣ በጨለማ፣ ኬሚካል ይቀባል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ሳይደርቅም ይታጠባል። ምስሉ የሚይዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ የሚሮጠው ውሃ እንደ ጭጋግ ይወጣል፤ በሌንሱ ፊት የሚያልፍ ሰው ካለም ይጠፋል። ስለዚህ የመሣሪያው ጠባይ አንድ ምክንያት ነው። ዋትኪንስ ከዚያ ጉዞ ወደ 30 የሚጠጉ ትልልቅ ምስሎች ይዞ ተመለሰ። በ1862 መጨረሻ ኒው ዮርክ ታዩ፤ ከዚያም ዋሽንግተን ደረሱ። ሸለቆውን አይተው የማያውቁ ሰዎች ያዩት በእነዚህ ፎቶዎች ነው። የካሊፎርኒያው ሴናተር ጆን ኮነስ ሕግ አቀረበ፤ ሊንከንም ጦርነቱ እየነደደ ሳለ ሰኔ 30 ቀን 1864 ፈረመበት፤ ዮሰሚቲ ለሕዝብ መዝናኛ ተጠብቆ እንዲኖር ለካሊፎርኒያ ተሰጠ።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ውጭ ነው። ዋትኪንስ ከመድረሱ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1851፣ ማሪፖሳ ሻለቃ የተባለ የታጠቀ ኃይል ያን ሸለቆ ገብቶ ነበር። የሸለቆው ሰዎች አዋኒቺ ይባላሉ። መንደራቸው ተቃጠለ፤ ለክረምት ያጠራቀሙት የኦክ ዛፍ ፍሬ ተቃጠለ፤ ራሳቸውም ተባረሩ። የተመለሱ ነበሩ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በፓርኩ ውስጥ ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። በሸለቆው የቀረው የመጨረሻ መንደራቸው የፈረሰው በ1969 ነው። እና ያ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ገና ትናንት የተፈጠረ የሚመስል ሸለቆ በፎቶው ላይ ጸጥ ያለው ሰዎቹ ስለተወሰዱ ነው። ፎቶግራፈሩ አላባረራቸውም። ግን ባዶውን አንሥቶ ባዶ ሆኖ የኖረ አስመሰለው፤ እኛም አመንነው። እኔ ራሴ ለዓመታት እነዚያን ፎቶዎች እንደ ጸሎት ቤት ነበር የማያቸው። ዛሬም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ሳያቸው የተቃጠለው የኦክ ፍሬ ትዝ ይለኛል።

ለእኛ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክና የስሜን ተራሮች አንድ ላይ ነው የተጻፉት፤ ላሊበላም አብሮ። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1969 ነው፤ በ2016 ደግሞ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ስለ ስሜን የተዘጋጀ ያማረ የፎቶ መጽሐፍ ሲገልጡ፣ ዋልያውንና ገደሉን ካዩ በኋላ፣ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቁ።

የሎውስቶንን በአጭሩ ልንገርዎ፤ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ። በ1871 የፈርዲናንድ ሄይደን አጥኚ ቡድን ወደዚያ ሲሄድ ፎቶግራፈሩ ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ነበር፤ ሠዓሊው ቶማስ ሞራን። ፎቶውና የውሃ ቀለም ሥዕሉ ለኮንግረስ አባላት ታየ፤ መጋቢት 1 ቀን 1872 ፕሬዚዳንት ግራንት የሎውስቶንን ብሔራዊ ፓርክ ያደረገውን ሕግ ፈረመ። ሞራን በዚያው ዓመት የጨረሰውን፣ ቁመቱ ከሁለት፣ ስፋቱ ከሦስት ሜትር ተኩል የሚበልጠውን የየሎውስቶን ካንየን ሥዕል ኮንግረስ በ10,000 ዶላር ገዛው። ሞራን ለእርስዎ መጽሐፍም ሥዕል ካበረከቱት አንዱ ነው፤ ስሙን ይፈልጉት።

የሩቅ መንገደኛ አይደሉም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያሉት። ሜትሮ ይዘው ጋለሪ ፕሌስ ይውረዱና ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥዕል ሙዚየም ይግቡ፤ መግቢያው ነፃ ነው። የዚህ ሙዚየም ንብረት ከሆኑት ሁለት ሥዕሎችን ልጠቁምዎ። አንዱ የአልበርት ቢርስታት የሲዬራ ኔቫዳ ሥዕል ነው፤ ሦስት ሜትር ስፋት፣ ሐይቅ፣ አጋዘን፣ ከደመና ውስጥ የሚፈልቅ ብርሃን። ቢርስታት ይህን የሣለው በ1868 ሮም ተቀምጦ ነው። ካርታ ይዘው ቢሄዱ ያን ቦታ አያገኙትም፤ ከብዙ ቦታ ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው። ሌላው ከእሱ በጣም ያንሳል፤ ሮበርት ዱንካንሰን በ1859 የሣለው ቀስተ ደመና ያለበት ሥዕል። ዱንካንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ባርነት ገና ሕጋዊ በሆነበት አገር፣ ከኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ሲንሲናቲ ተቀምጦ የሠራ። በሥዕሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ከብቶቹ ከፊታቸው ናቸው፤ ቀስተ ደመናው ቤቱ ላይ ያርፋል። ጦርነቱ ሊነሣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የቢርስታትን አይቶ ወዲያው የዱንካንሰን ፊት የቆመ ሰው፣ አንድ አገር በሁለት ልብ እንዴት እንደሚታይ ይገባዋል። ሄደው ሥዕሎቹን ተሰቅለው ባያገኟቸው እንኳ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ይገኛሉ።

ሦስተኛው መጽሐፍዎ ላይ ደረስኩ። አንሰል አዳምስ በ1902 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ በ14 ዓመቱ ዮሰሚቲን አየ፤ እስኪሞት፣ እስከ 1984 ድረስ፣ አልተላቀቃትም። መጽሐፉ ውስጥ ሃፍ ዶም የተባለውን የቋጥኝ ግንብ ከጎን የሚያሳየውን፣ ሰማዩ ጥቁር የሆነውን ፎቶ ይፈልጉ። ሚያዝያ 10 ቀን 1927 ነው። አዳምስ ከባድ ካሜራና የመስታወት ሰሌዳዎቹን ተሸክሞ በረዶ ላይ ወጣ፤ ቦታው ሲደርስ የቀሩት ሁለት ሰሌዳዎች ነበሩ። አንዱን በቢጫ ፊልተር፣ ሌንሱ ፊት በሚደረግ ባለ ቀለም ማጣሪያ፣ አነሣ። ወዲያው ግን ሰማዩ ፈዝዞ፣ ቋጥኙም ተራ ሆኖ እንደሚወጣ ታየው፤ የተሰማውን ያን ክብደት አይዝም። በመጨረሻው ሰሌዳ ላይ ጥቁር ቀይ ፊልተር አድርጎ አምስት ሰከንድ ብርሃን ሰጠው። ቀዩ ፊልተር የሰማዩን ሰማያዊ ዋጠው፤ ሰማዩ ጠቆረ፣ በረዶው ነጣ፣ ቋጥኙ ብቻውን ቆመ። ያየውን ሳይሆን የተሰማውን ማንሣት እንደሚቻል የተረዳው በዚያች ቀን እንደነበር ኋላ ደጋግሞ ተናግሯል።

ይህን ፎቶ መጽሐፍ ለመመዘንም ይጠቀሙበት። በጥሩ ኅትመት ውስጥ ጥቁሩ ሰማይ ጥልቅ ነው፤ በረዶው ግን እህል እህል ይላል፣ ወለል ብሎ ነጭ አይሆንም። በርካሽ ድጋሚ ኅትመት ጥቁሩ አመድ ይመስላል፣ በረዶውም ወረቀቱ ራሱ ይሆናል። በማጉያው ሲያዩት ምስሉ የተሠራው ከጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፤ ጥሩ ማተሚያ ቤት ጥቁሩን በአንድ ቀለም አይተወውም፣ በሁለት ወይም በሦስት የተለያየ ጥቁርና ግራጫ ደራርቦ ያትመዋል። ጥልቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አዳምስ ስለዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። በ1930 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ስላለው የነባር ሕዝቦች መንደር፣ ስለ ታኦስ ፑዌብሎ፣ ከጸሐፊዋ ሜሪ ኦስቲን ጋር ያወጣው መጽሐፍ 108 ቅጂ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ያሉት 12 ምስሎች ኅትመት አይደሉም፣ ራሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ያጠባቸው ፎቶዎች ናቸው።

እና ስለ ሰው? በ1938 አዳምስ ስለ ሲዬራ ኔቫዳ ያወጣው መጽሐፍ 500 ቅጂ ነበር። አንዱ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢኪስ ተላከ፤ ኢኪስ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሳየው፤ በ1940 ኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዚያ መጽሐፍ ሰው አለመኖሩ ጠቅሟል፤ ምድሩ ሳይነካ እንዲጠበቅ ለመሟገት አገልግሏልና። ይሁን እንጂ በእርስዎ መጽሐፍ ባይኖርም ይፈልጉት የምልዎት አንድ ሌላ ፎቶ አለ፤ በ1944 የተነሣ፣ ከፊት ግዙፍ ድንጋዮች ተበትነውበት፣ ከኋላ የዊልያምሰን ተራራ ከደመና በሚወርድ ብርሃን የሚታይበት። ሰው የለም። ፎቶው የተነሣው ማንዛናር ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ10,000 በላይ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ከቤታቸው ተወስደው የታጎሩበት ካምፕ። አዳምስ ካምፑን አልሸሸውም። ያንኑ ጊዜ ገብቶ ነርሷን፣ ገበሬውን፣ ተማሪውን፣ ጋዜጣ አዘጋጁን ፊት ለፊት አነሣቸው፤ በ1944 «ነፃና እኩል ሆነው የተወለዱ» ብሎ በመጽሐፍ አወጣቸው። አገሩ ገና ከጃፓን ጋር እየተዋጋ ነበር። በኋላም ኔጋቲቮቹን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ዛሬ ማንም ሰው በነፃ ሊያያቸው ይችላል። ተራራውንና ፊቶቹን አብረው ሲያዩ ነው አዳምስ ሙሉ የሚሆነው። ተራራ ተራራውን ብቻ እየመረጠ የሚያወጣ አሳታሚ ግማሹን ሰው ነው የሚሸጥልዎ።

እግረ መንገዴን አንድ መጽሐፍ ልጨምርልዎ፣ ሁለተኛ እጅ ቢያገኙ እንዳያልፉት። ሲዬራ ክለብ የተባለው ማኅበር ከ1960 ጀምሮ በዴቪድ ብራወር መሪነት ትልልቅ የፎቶ መጻሕፍት ማውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያውን የሠሩት አዳምስና ናንሲ ኒውሆል ናቸው። ከሁሉም እኔን የሚነካኝ የ1963ቱ ነው። ፎቶግራፈሩ ኤሊየት ፖርተር፣ ቦታው በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ያለው ግሌን ካንየን። ማኅበሩ ከዓመታት በፊት ዳይኖሰር በሚባለው ሥፍራ ሊሠራ የነበረን ግድብ ለማስቀረት ታግሏል፤ ለዚያም ትግል በ1955 መጽሐፍ አሳትሞ ለኮንግረስ አባላት አድሏል፤ ተሳካለትም። ነገር ግን ግሌን ካንየን ላይ የሚሠራውን ሳይቃወም አለፈ። ቦታውን ያወቁት ጥቂት ነበሩ። ፖርተር ሄዶ በቀለም አነሣው፤ እርጥብ ቀይ ግድግዳ፣ ሰማይ ያረፈበት ቀጭን ውሃ፣ ጥላ ውስጥ የበቀለ ቅጠል። መጽሐፉ ሲወጣ የግድቡ በር ተዘግቶ ውሃው መሙላት ጀምሮ ነበር። ርእሱ «ማንም ያላወቀው ቦታ» ይላል። ይህ መጽሐፍ ሙሾ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ባለፉት ዓመታት ድርቅ ሐይቁን ሲያሸሸው ከተቀበሩት ግድግዳዎች አንዳንዶቹ ነጭ የማዕድን ቀለበት ታጥቀው ዳግም ታይተዋል።

እንግዲህ ማንን አስቀድሜ ላንብብ ላሉት፤ ቀጭኑን። ያስደንቅዎ ይሆናል። የ«ዘ ኒው ዌስት» ፎቶግራፈር ሮበርት አዳምስ ይባላል፤ ከአንሰል ጋር ዝምድና የለውም። ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የነበረ ሰው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ፣ ተራራው እዚያው ጀርባው ላይ ቆሞ እያለ፣ እሱ ካሜራውን ወደ አዲሶቹ ቤቶች፣ ወደ ተጎታች ቤቶች፣ ወደ ነዳጅ ማደያና ወደ ባዶ ሜዳ አዞረ። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ1974 ነው፤ የእርስዎ የመጀመሪያው ኅትመት ይሁን የኋለኛ፣ ከርእሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ከሆነ በ15 ዶላር ከገዟቸው ሁሉ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት እሱን ነው።

በውስጡ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ የተነሣ፣ በ1968 የተባለ ፎቶ አለ። ተራ ቤት ነው፤ ደማቅ ፀሐይ፣ የታጨደ ሣር። ቤቱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የአንዲት ሴት ጥላ ይታያል፤ ጥቁር ብቻ፣ ፊት የለውም፣ ቆማለች። ሌላ ምንም የለም። እኔ ይህን ፎቶ መጀመሪያ ሳይ አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አፓርታማችን መስኮት ሥር ቆማ ውጭውን የምታይ እናቴ ናት ያልኩት። እንዲያ ዓይነት ብርሃን ባለበት ሰፈር፣ ማንም በእግሩ በማይሄድበት መንገድ ዳር፣ ያን ብቸኝነት የሚያውቅ ሰው ይህን መጽሐፍ ለማንበብ ትምህርት አያስፈልገውም። ስለዚህ ከእሱ ይጀምሩ። በየገጹ ጥግ ሰው ይኖራል፤ በመኪናው፣ በሽቦው፣ በቆሻሻ ገንዳው። ዓይንዎ ሰውን በዱካው መፈለግ ይለምዳል። ከዚያ ወደ አንሰል ይመለሱ፤ በመጨረሻ ወደ አሮጌዎቹ። ቅደም ተከተሉን ከኋላ ወደ ፊት ያደረግሁት አውቄ ነው።

ከእኛው የሆነች አንዲት ሠዓሊ ይህን ሁሉ ታሪክ ወስዳ ምን እንዳደረገችው ሳልነግርዎ ባልፍ ቅር ይለኛል። ጁሊ ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ ሚሺገን ያደገች ናት። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሁለት ሥዕሎች ሠራች፤ እያንዳንዳቸው ከስምንት ሜትር በላይ ቁመት፣ ከዘጠኝ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት አላቸው። ከመጠናቸው የተነሣ የሠራቻቸው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። መነሻ ያደረገችው የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መልክአ ምድር ሥዕሎች ነው፤ የእነ ቢርስታትን ዓይነት። እነሱን በኮምፒውተር አደብዝዛ ከዘመናችን የአመፅና የተቃውሞ ፎቶግራፎች ጋር ቀላቀለቻቸው፤ በዚያ ላይ በእጇ ጻፈች፣ ፋቀች፣ ደገመች። ከሩቅ ሲያዩት የተራራ ብርሃን አለ፤ ሲቀርቡ ግን ምድሩ ሰላም የለውም።

አሁን ስለ አያያዝ። ሁለቱን አሮጌ ቅጾች አያቁሟቸው፤ ክብደታቸው ገጾቹን ከጀርባው ይገነጥላቸዋል። ጋደም አድርገው፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣ ፀሐይ ከማያገኘው መደርደሪያ ያኑሯቸው። ምድር ቤት አያስቀምጡ፤ የዋሽንግተን በጋ እርጥበት ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያበዛል። ቆዳውን ሲነኩት ቀይ ዱቄት እጅዎ ላይ ከቀረ፣ ያ የቆዳ መበስበስ ነው፤ በዚያ ዘመን በተለፋ ቆዳ ላይ የተለመደ ነው። ደረቀ ብለው ቅቤም፣ ዘይትም፣ ሎሽንም እንዳይቀቡት። እኛ ቆዳ ሲደርቅ እጃችን ቶሎ ወደ ቅባት ይሄዳል፤ ይህ ቆዳ ግን ቅባቱን ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል። አሲድ የሌለው ሳጥን ይግዙለት፤ ካልሆነ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ሲከፍቱትም ሁለቱን ሽፋኖች በትራስ ደግፈው ይክፈቱ፤ ወገቡ እንዳይሰበር። ግድግዳዎ ላይ ሥዕል ከወደዱ ጥሩ ስካን ያሠሩ። መጽሐፉ ከተጻፈ 150 ዓመት ስላለፈው ማንም የመብት ጥያቄ አያነሣብዎትም፤ ፍሬም ሠሪውም ሥራውን አያጣም።

ቅጠሉን አይጣሉት። ግን ከመጽሐፉ ያውጡት፤ የደረቀ ተክል አሲድ አለው፣ ገጹንም እየበላው ነው። ቅጠሉ የነበረበትን ገጽ በብርሃን ቢያዩት ቅርጹ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ሳያገኙት አይቀርም። ከሥርም ከላይም ይዘው በስስ ካርቶን ያንሡት፤ በጣትዎ ከሆነ ይፈርሳል። ንጹሕ ፖስታ ውስጥ ያስገቡትና በእርሳስ የገጹን ቁጥርና የየትኛው ቅጽ እንደሆነ ይጻፉበት። አንድ ሰው ያን ቦታ ሄዶ አይቶ፣ ቅጠሉን ለቅሞ መጥቶ፣ ሥዕሉ አጠገብ አስቀምጦት ይሆናል። የትኛው ሥዕል እንደነበር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።